አጥርና ጎረቤት፦ ስለ ሠፈር ጸጥታ የቀረበ ዲስኩር



አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚከራይም ሆነ የሚገዛ ሰው ከውሃና ከትራንስፖርት ቀጥሎ የሚጠይቀው «ሠፈሩ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ ነው። ዛሬ የምናገረው ይህ ጥያቄ በትክክል እንዴት እንደሚመለስና ሠፈርን ሰላም የሚያደርገው ምን እንደሆነ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ ሠፈርን የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት የነዋሪው እርስ በርስ መተዋወቅና የደረሰበትን ጉዳት ለፖሊስ ማሳወቅ ነው። የአጥር ቁመትና የሽቦ ብዛት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ከቁጥሩ ልጀምር። የወንጀል ምጣኔ የሚባለው በአንድ ዓመት የተመዘገበው ወንጀል ለነዋሪው ብዛት ተካፍሎ፣ በ100,000 ሰው ሲሰላ የሚገኘው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግሩት ወደ ስሌቱ የሚገቡት ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው። የነዋሪውን ብዛት እንውሰድ። በሀገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። ቀጣዩ ቆጠራ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። የካ አባዶና ቦሌ አራብሳን የመሰሉ የጋራ መኖሪያ መንደሮች የተሠሩት ከዚያ ቆጠራ በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ወረዳ የወንጀል ምጣኔ ሲነገራችሁ፣ ለስንት ሰው ተካፍሎ እንደሆነ ጠይቁ። መርካቶን ደግሞ አስቡ። ቀን ቀን ከከተማው ሁሉ፣ ከክፍለ ሀገርም የሚመጣው ገበያተኛ ኪሱን ሲበረበር፣ ወንጀሉ የሚቆጠረው እዚያው ከሚያድረው ነዋሪ አንጻር ነው። ይህ ነዋሪውን ያለ ጥፋቱ ስም ያሰጠዋል።

የተመዘገበው ወንጀል ቁጥር ከዚህ ይብሳል፤ ፖሊስ ሊመዘግብ የሚችለው የሰማውን ብቻ ነውና። አሜሪካኖች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ቤት ለቤት እየጠየቁ በሚያካሂዱት ብሔራዊ ጥናት እንደሚታየው፣ በንብረት ላይ ከሚፈጸመው ወንጀል ለፖሊስ የሚነገረው ሲሶው ያህል ነው። እኛስ? ሞባይሉን የተነጠቀ፣ ስፖኪዮው የተነቀለበት፣ የውሃ ቆጣሪው የተሰረቀበት ሰው ብዙ ጊዜ «ላይገኝ ምን አደከመኝ» ብሎ ይተወዋል። ጎረቤቱም እንዲሁ ይተወዋል። መዝገቡ ባዶ ሲሆን ሠፈሩ ሰላም ይመስላል፤ ፖሊስም ሥምሪቱን ወደ ሌላ ቦታ ያደርጋል። ነዋሪው ማመልከት የጀመረበት ሠፈር ግን በወረቀት ላይ የከፋ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ሠፈር ሁሉ አደገኛ፣ ዝቅ ያለበትን ሁሉ ደኅና ማለት ስሕተት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው የግድያ ቁጥር ነው፤ የሰው ሞት በቀላሉ ተደብቆ አይቀርምና።

«ሠፈሩ መጥፎ ነው» ማለትም ትክክል አይደለም። ሚኒያፖሊስ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ላይ ተሠርቶ በ1989 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት፣ ለፖሊስ ከተደወለው ጥሪ ግማሹ የመጣው ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ከሚሆኑት እንደነበር አሳይቷል። ወንጀል ሠፈሩን ሁሉ እኩል አይሸፍንም፤ ቦታና ሰዓት አለው። የእኛን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ቦታዎቹን ይናገራል፦ ከታክሲ መውረጃው እስከ ብሎኮቹ ያለው ጨለማ መንገድ፣ ጅምር ሕንፃው፣ የወንዙ ዳር መሻገሪያ። ገና ሳይነጋ ለሥራ የሚወጡ እኅቶቻችን ማጅራት መቺን የሚፈሩት እዚያ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ የመንግሥት መኖሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ በዕጣ በተመረጡ ቦታዎች ብርቱ መብራት ተተክሎ ውጤቱ ሲለካ፣ ሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በኮሪደር ልማቱ ዋና ዋና ጎዳናዎቻችን በርተዋል። የውስጥ ለውስጥ መንገዱም መብራት ይገባዋል፤ እናትና ልጅ በእግራቸው የሚሄዱት በእሱ ነው።

መብራት ግን የሚያይ ሰው ካለ ነው የሚጠቅመው፤ ያየውም «አይመለከተኝም» የማይል ከሆነ። ተመራማሪው ሮበርት ሳምፕሰንና ሁለት ባልደረቦቹ በቺካጎ 343 አካባቢዎች ከ8,000 በላይ ነዋሪዎችን ጠይቀው በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ይህንኑ መርምሯል። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው መንገድ ላይ ቢገኙ ጎረቤት ይቆጣቸዋል ወይ? ሰዎች ይተማመናሉ ወይ? መልሱ «አዎ» በሆነበት አካባቢ፣ የድህነቱ ደረጃ ከግምት ገብቶ እንኳ፣ የኃይል ጥቃት አነስተኛ ነበር።

እኛ ይህን ከማንም ልንማረው አይገባም ነበር። በልደታም በካዛንቺስም ኢድሩ፣ ማኅበሩ፣ የቡና ተርቲቡ ሰውን ከሰው ያስተዋውቅ ነበር፤ የጎረቤት ልጅም የሁሉ ልጅ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለብዙ ቤተሰብ መጠለያ ሰጥቷል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ቤቱ የሚታደልበት ዕጣ አብሮ የኖረውን ሰው በታተነው። የቤቱ ባለቤት ያከራያል፤ ተከራዩ ኪራይ ሲጨመርበት ይለቃል፤ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ስም ለስም አይተዋወቁም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋመው የጋራ ሕንፃ ማኅበርም የባለቤቶች ነው። ሌሊት እዚያ የሚያድረው ተከራይ ስለ ጥበቃው ሲመከር አይጠራም። ይህ በእኔ አስተያየት ከአጥሩ መፍረስ የባሰ ክፍተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሥጋት አለ፤ አልሸሽገውም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የቀበሌ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ የመጣውን የአብዮት ጥበቃ ዘመን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች በመካከላችን አሉ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሲጠቁም አይተዋል። «ሠፈራችሁን ጠብቁ» ሲባሉ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ የምንጠቁመው ድርጊትን እንጂ ሰውን መሆን የለበትም። የቀን ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣ ወጣት በልብሱና በአነጋገሩ ብቻ «ፀጉረ ልውጥ» ሊባል አይገባም። «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ የተያዘን ሰው በደቦ መደብደብም ራሱ ወንጀል ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ስፖኪዮና ሞባይል በርካሽ መግዛትም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ገዢ ባይኖር ብዙው ሌብነት አይኖርም ነበር።

ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ንብረቱ ባይገኝም ጣቢያ ሄዳችሁ ቃላችሁን ስጡ፤ መመዝገቡንም አረጋግጡ። አደጋ ስታዩ ወደ 991 ደውሉ። በሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባ ተከራዮችን ጥሩ፤ ስልካቸውንም ተቀበሉ። የወረዳውን ፖሊስ ደግሞ በየወሩ የትኛው ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ወንጀል እንደተፈጸመ ለነዋሪው እንዲያሳውቅ በጽሑፍ ጠይቁ። ይህን የመጠየቅ መብት አላችሁ።