የትንፋሽ ስንቅ

(የአስም መድኃኒትን ለክፉ ቀንና ለመንገድ ስለ ማሰናዳት በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



አባቶቻችን ሩቅ አገር ለመሄድ ሲነሡ አስቀድሞ የሚያስቡት ስንቃቸውን ነበር። በሶው ሳይፈጭ፣ ዳቦ ቆሎው ሳይቆላ፣ አገልግሉ ሳይሞላ በቅሎ አይጫንም ነበር። ስንቁም የሚለካው መንገዱ በሚፈጀው ቀን ልክ ብቻ አልነበረም፤ ወንዝ ሞልቶ ያገደ እንደ ሆነ፣ የጭነት ከብትም ያነከሰ እንደ ሆነ ተብሎ የጥቂት ቀን ትርፍ ይታከልበት ነበር። እኔም ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ስንቅ ነው። ነገር ግን ይህ ስንቅ የሆድ ሳይሆን የትንፋሽ ነው፤ ይኸውም አስም ያለበት ሰው ከእጁ ሊለየው የማይገባው መድኃኒት ነው።

ከእናንተ መካከል ይህ በሽታ ያለበት ይኖራል። በራሱ ላይ ባይኖርበት እንኳ በልጁ ወይም በወላጁ፣ አለዚያም በቢሮ ውስጥ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ በሚሠራው ባልደረባው ላይ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ የምናገረው ለታመመው ብቻ ሳይሆን ከታመመው ጋራ ለሚኖረውም ጭምር ነው።

አስም ያለበት ሰው የአየር መተላለፊያ ቧንቧዎቹ በቀላሉ የሚቈጡ ናቸው። አቧራ፣ ጢስ፣ ብርድ፣ ጉንፋን ወይም የአበባ ብናኝ ሲነካቸው በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ ውስጠኛው ሽፋን ያብጣል፤ አክታም ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ መንገዱ ይጠብና ትንፋሽ ያጥራል፤ ደረትም ሲር ሲር ይላል። መድኃኒቱም በዚሁ መሠረት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው አስታጋሽ ነው፤ ከዚህ ወገን በጣም የታወቀው ሳልቡታሞል ሲሆን የተኮማተሩትን ጡንቻዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያላላል፤ ኀይሉም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሁለተኛው ተከላካይ ነው፤ ይህም እንደ ቤክሎሜታዞንና እንደ ቡዴሶናይድ ያለው ሲሆን እብጠቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የሁለተኛው ጥቅም የሚታየው በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው።

እነዚህን መድኃኒቶች በትንሽ ቆርቆሮ አምቆ በኪስ ይዞ መዞር የተቻለው ከብዙ ዘመን ወዲህ አይደለም። ከዚያ በፊት በሽተኛው የሚጠቀመው በቀላሉ በሚሰበር የመስተዋት መርጫ ነበር። በአሜሪካ አገር ራይከር የተባለው ኩባንያ መጠኑ የተለካውን የመጀመሪያውን ኢንሄለር ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ነው። የኩባንያው ሹም ልጅ አስም ነበረባት፤ መድኃኒቷ እንደ ጠጕር ቅባት ተጭነው በሚረጩት ዕቃ ውስጥ ለምን እንደማይደረግ አባቷን በጠየቀችው መነሻ ሥራው ተጀመረ ይባላል። ሳልቡታሞልም በእንግሊዝ አገር ተገኝቶ በዚሁ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ቬንቶሊን በሚል ስም መሸጥ ጀመረ። እንግዲህ መሣሪያው ከኪሳችን ገብቷል፤ የቀረው የእኛ አያያዝ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው ኢንሄለሩን ነቅንቆ ውስጡ ሲንቀሳቀስ ሲሰማው፣ ተጭኖም እንፋሎት ሲወጣ ሲያይ «ገና አለ» ይላል። ይህ የሚያታልል ምልክት ነው። በቆርቆሮው ውስጥ ያለው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱን ገፍቶ የሚያወጣ ጋዝም አብሮት አለ። የተቈጠረው መድኃኒት ካለቀ በኋላም ጋዙ ለጥቂት ጊዜ መውጣቱን አያቋርጥም። በጭንቅ ሰዓት ሰውዬው ይጫናል፤ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ቅዝቃዜውም ጉሮሮው ላይ ይሰማዋል፤ ወደ ሳንባው የሚወርደው ግን ባዶ ጋዝ ነው። ቆርቆሮውን በውሃ ላይ አንሳፎ መመርመርም አያስተማምንም፤ ውሃውም መውጫውን ሊደፍነው ይችላል።

እንግዲህ የሚታመነው ቍጥር ነው። እናንተ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቃላችሁ። በግምጃ ቤት ያለ ዕቃ በገቢና በወጪ ካልተመዘገበ «ይኖራል» ተብሎ አይፈረምበትም። ለመንግሥት ንብረት የምታደርጉትን ጥንቃቄ ለገዛ ትንፋሻችሁ ልትነፍጉት አይገባም። የሳልቡታሞል ኢንሄለር ዘወትር የሚይዘው 200 ፓፍ ነው፤ ፓፍ ማለት አንድ ጊዜ ሲጫኑት የሚወጣው መጠን ነው። በአንዳንዱ ዕቃ ላይ የቀረውን የሚያሳይ ቈጣሪ ይገኛል። ቈጣሪ የሌለው እንደ ሆነ የተጀመረበትን ቀን በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበት፤ በተጠቀማችሁ ቍጥርም በደብተር ላይ ምልክት አድርጉ።

የተከላካዩ ሒሳብ ከዚህ ይቀላል። 200 ፓፍ የሚይዝ ዕቃ ጧት 2፣ ማታም 2 የሚወሰድ ከሆነ በቀን 4 ይሆናል፤ 200ን ለ4 ብናካፍል 50 ቀን ይደርሳል። መስከረም 1 ቀን የተጀመረው ጥቅምት 20 ቀን ያልቃል ማለት ነው። አስተዋይ ሰው ጥቅምት 20ን አይጠብቅም፤ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ጥቅምት 6 ቀን ተተኪውን ይገዛል። በመድኃኒት ቤት «የለም፣ ተመለሱ» ቢባልም የሚመላለስበት ጊዜ ይኖረዋል።

«ይህን ያህል ጥንቃቄ ምን ያደርጋል? መድኃኒት ቤቱ ከሰፈራችን አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው ሁለት ነገር ላስታውሰው እወዳለሁ። ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. በአውስትራልያ፣ በሜልቦርን ከተማ ነጐድጓዳማ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። ነፋሱ የሣር አበባ ብናኝን ይዞ መጣ፤ ብናኙም በእርጥበቱ ፈንድቶ እጅግ የደቀቀ ትቢያ ሆነና እስከ ሳንባ ዘለቀ። በ30 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከወትሮው ከ3 ሺ በላይ የሚበልጡ ትንፋሽ ያጠራቸው ሰዎች ወደ ሆስፒታሎች ጐረፉ፤ አምቡላንሶችም አልበቁም፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ሜልቦርን በሕክምና የበለጸገች ከተማ ናት፤ ዳሩ ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲታመም ሀብታሙ ከተማ እንኳ ለሁሉ አይደርስም።

ሁለተኛው የገዛ አገራችን ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በመተሐራ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወጥተዋል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው የሚያነሣው እጁ የደረሰበትን ነው። መድኃኒቱ በአንድ ቦታ ተሰናድቶ ያልተቀመጠ እንደ ሆነ ሳይታሰብ ይቀራል፤ አቧራውና የሌሊቱ ብርድ ግን አብረው ይሄዳሉ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚገባው ስንቅ ይህ ነው፤ ከአስታጋሹ ሁለት ዕቃ፣ አንዱ ሁልጊዜ በኪስ፣ ሁለተኛው ሳይነካ በቤት፤ ከተከላካዩም ከተጀመረው ሌላ የአንድ ወር ትርፍ። ይህንኑ ለሐኪማችሁ ነግራችሁ በማዘዣው ላይ አስጽፉ። ትርፍ ሲባል ማከማቸት አይደለም። መድኃኒት እንደ እህል ጐተራ አይሞላበትም፤ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ አንዱ ያለ መጠን ሲገዛም ሌላው ያጣል። አዲስ ስትገዙ አዲሱን ለትርፍ አስቀምጡ፤ በትርፍ የቈየውን ወደ ኪሳችሁ አዛውሩ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዓመት ውስጥ 3 ወይም ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ዕቃ የጨረሰ ሰው «ስንቄ በዝቷል» ብሎ ደስ አይበለው፤ በሽታው እንዳልተገታ የሚያሳይ ምልክት ነውና ሐኪሙን ያማክር። ጂና በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የዓለም የአስም መመሪያ አዘጋጅ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂዎች ሳልቡታሞልን ብቻውን ማዘዝ እንዳይገባ መክሯል። አስታጋሹ ሞልቶ ተከላካዩ የጐደለ ስንቅ ሙሉ ስንቅ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ መንገድ እንውጣ። ለመስክ ሥራ የሚላክ ሠራተኛ የውሎ አበሉን ሲቀበል ኢንሄለሩንም ይቍጠር። ብርቱ አስም የተነሣበት ሰው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት በየ20 ደቂቃው እስከ 10 ፓፍ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህም 30 ነው። ሆስፒታሉ የ4 ሰዓት መንገድ ቢርቅ ከዚያ በኋላ በሚቀሩት ሰዓቶች ሌላ 30 ቢጨመር 60 ይሆናል። እንግዲህ 15 ወይም 20 ፓፍ የቀረውን ዕቃ ይዞ ገጠር መውረድ ግማሽ እንጀራ ይዞ በረሃ እንደ ማቋረጥ ነው።

አገራችን ደጋና ቈላን በአንድ ቀን የምታሳይ ናት፤ መድኃኒቱ ግን ሁለቱንም ጫፍ አይወድም። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሊቀመጥ አይገባውም፤ ሙቀቱ ከ50 ካለፈ ደግሞ ቆርቆሮው ሊፈነዳ ይችላል። በአዋሽ ወይም በድሬዳዋ ፀሐይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል ኢንሄለርን በመኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ። በብርድ ጊዜ ደግሞ ግፊቱ ይደክምና የሚወጣው መጠን ያንሳል። ከ4 ሺ 500 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ራስ ዳሽን የሚወጣ ሰው በውስጠኛው ኪስ፣ ከገላው አጠገብ ይያዘው፤ የቀዘቀዘ እንደ ሆነም በመዳፉ ያሙቀው እንጂ ወደ እሳት አያስጠጋው። አፍንጫንና አፍን በነጠላ ወይም በሻርፕ መሸፈን የሚሳበውን አየር ያለዝበዋል። በሰፈሩበትም ቦታ መኝታው ከእሳቱ ጢስ በነፋሱ ማዶ ይሁን።

በመንገድ ቦርሳ የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ሁለቱ የአስታጋሽ ዕቃዎች፤ ተከላካዩ፤ ስፔሰር የሚባለው የፕላስቲክ መሳቢያ፤ ሐኪሙ ያዘዘ እንደ ሆነም የፕሬድኒሶሎን ክኒን። ክኒኑ ባለ 5 ሚሊግራም ቢሆንና ሐኪሙ በቀን 40 ሚሊግራም ለ5 ቀን ቢያዝ በቀን 8፣ በጠቅላላው 40 ክኒን ስለሚሆን አንድ ሰሌዳ ይዞ መሄድ ላይበቃ ይችላል። ራስ ምታት ቢያስቸግር አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የአንዳንዱን ሰው አስም ስለሚያስነሡ ፓራሲታሞል መያዝ ይሻላል። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ ማዘዣውንም አይርሳ። በአሜሪካ ሳልቡታሞል የሚጠራው አልቡተሮል ተብሎ መሆኑን ይወቅ።

ስፔሰር የሌለው ሰው ተስፋ አይቍረጥ። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ተገዛው ስፔሰር እንደሚያገለግል በልጆች ላይ አረጋግጠዋል። ጠርሙሱ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከታች በመቀመጫው በኩል የኢንሄለሩ አፍ ልክክ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ ይበጅለታል፤ ሰውየውም በጠርሙሱ አፍ በኩል ይስባል። ይህ መብራት በጠፋ ጊዜም ይሠራል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኔቡላይዘር ግን አይሠራም።

አስሙ በተነሣበት ጊዜ በሽተኛውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አታስተኙት። ኢንሄለሩን ነቅንቃችሁ በስፔሰር አንድ በአንድ ከ4 እስከ 10 ፓፍ ስጡት፤ ለልጅ ግን ሐኪሙ የወሰነውን ያህል ነው። ካልተሻለው በየ20 ደቂቃው ድገሙለት፤ እየሰጣችሁም ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቈረ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አንድም ደቂቃ ሳታባክኑ ተነሡ። ደረቱ ጸጥ ማለቱ ሁልጊዜ የደኅንነት ምልክት አይደለም፤ አየር መግባት ማቆሙ ሊሆን ይችላልና።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ቢያውቀው አይበቃም፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቦርሳው የት እንዳለ ለመናገር አይችልምና። እናንተ በሽታው ያለባችሁ፣ መድኃኒቱ ከየትኛው መሳቢያ እንዳለ ለባልደረባችሁና ለቤተ ሰባችሁ ንገሩ፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በካርድ ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋራ ያዙ። ይህን መናገር ነውር አይደለም። እናንተም ጤነኞቹ «መድኃኒትህ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠይቃችሁም አስታውሱ።

ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ኢንሄለሩን አውጡና ሦስት ነገር መርምሩ፤ የሚያበቃበትን ቀን፣ የቀረውን ቍጥር፣ ተተኪው መኖሩን። ሥራው ዐምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ ቢጮኽ ዋጋ የለውም።