በግድግዳ ላይ ያገኘናቸው ጋዜጦች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የጋዜጣ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ በዓል ቀን አንድ ነገር ተናገሩ በተባልን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ለመናገር አስበን ነበር። ነገር ግን ከእኛ በፊት የተነሡት ተናጋሪዎች ሁሉ ስለ እርሱ ስለ ተናገሩ ለእኛ የተረፈን የለም። ስለዚህ ከሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለ አንድ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ስላገኘነው ነገር ልንነግራችሁ ቆመናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት የአንዲት አዛውንት እናታችንን ቤት ለማደስ ሄድን። ግድግዳው እንደ ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ጋዜጣ የተለጠፈበት ነው፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላ ሲደረብበት ኖሮአልና ስንልጠው እንደ ሽንኩርት ሆኖ አገኘነው። ከሥር የ1950ዎቹ ዜና ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያማ መላጡ ቀርቶ ንባቡ በረታ። እማማም «ልጆቼ፣ ቤቴን ልታድሱ ነው የመጣችሁት ወይስ ቤተ መጻሕፍት ልታደርጉት?» አሉን።

ያነበብነውን በራሳችን ቃል እንነግራችኋለን። ዜናው እውነት ነው፤ ከዜናው በኋላ የሚከተለው ግን እኛ በሐሳባችን የፈጠርነው ስለ ሆነ ማንም እንዳይቀየመን እንለምናለን።

የመጀመሪያው አርእስት አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ያበሥራል። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ነው። አገር በደስታ ሲጨፍር እኛ ያዘንነው ለጫማ ሻጩ ነው። «ሮም ላይ ያለ ጫማ ከተሸነፈ፣ ገበያ ለመድረስ ጫማ ምን ይሠራል?» ያላለ ደንበኛ አይኖርም። ሊስትሮውም ቀለሙን ጥሎ ተረከዝ በቅቤ መወልወል ሳይጀምር አይቀርም። አባቶችም ለልጆቻቸው ጫማ ላለመግዛት ጥሩ ምክንያት አገኙ። ይሁን እንጂ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ደግሞ አሸነፈ። በዚያን ዕለት የአገሩ ተማሪ ሁሉ እርሳሱን አንሥቶ ቀነሰና «አባባ፣ ጫማ ማለት 3 ደቂቃ ከ5 ሰኮንድ ነው፤ ትምህርት ቤት የማረፍደው ለዚህ ነው» ሳይል አልቀረም።

ሁለተኛው አርእስት የእግር ኳስ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ይህን ያነበበ አናጢ በየሁለት ዓመቱ ለሚመጣው ዋንጫ ሁሉ የሚበቃ ረጅም መደርደሪያ ሠርቶ ይሆናል ብለን አሰብን። መደርደሪያው ግን እስከ ዛሬ ሁለተኛውን ዋንጫ ይጠብቃል። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ስንመለስ አናጢው አቧራውን ጠርጎለት ነበር።

ሦስተኛው፣ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና ሁሉ በግራ መሄዱን ትቶ በቀኝ እንዲሄድ የታዘዘበት ነው። ግራ የገባው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ቀኝ ገባ። ግራኝ ተማሪም «ከእንግዲህ በቀኝህ ጻፍ እባላለሁ» ብሎ ፈርቶ ይሆናል። በደብረ ዘይት መንገድ እህል ጭና የምትመጣው አህያ ግን ቀድሞም መካከሉን ይዛ ትሄድ ነበርና ትእዛዙ አልነካትም። ዛሬ በሳሪስ መንገድ አንዳንድ ታክሲዎችን ስናይ የእርስዋ ደቀ መዝሙሮች ይመስሉናል።

አራተኛው፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ቴሌቪዥን ሥራ መጀመሩ ነው። ስቱዲዮው በማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። ቴሌቪዥን የገዛው ጎረቤት ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻውን እራት በልቶ እንደማያውቅ፣ አንዲት አያትም ዜና የሚያነበውን ሰው «ልጄ፣ ቆመህ ደከመህ፤ ቡና ጠጣ» ብለው ስኒ እንዳቀረቡለት እየፈጠርን ሳቅን።

ሳቃችን ሳያልቅ እማማ አንድ ነገር ጠየቁን። እርሳቸው ማንበብ አይችሉም። ወደ ሳሪስ የመጡት በ1966 ዓ.ም. ከወሎ ነው፤ ጋዜጣውንም ተለጥፎ ነው ያገኙት። «ይህን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊቴ ሲያየኝ ኖረ። እስቲ የ65ቱን፣ የኛን አገር ነገር አንብቡልኝ» አሉን።

የ1965 ዓ.ም. ገጾች በላይኛው ንብርብር ነበሩ። አንድ በአንድ ፈለግን። ስለ ምረቃ አነበብን፤ ስለ ጉብኝት አነበብን፤ በወሎ በረሃብ ስላለቀው ሕዝብ ግን በዚያ ግድግዳ ላይ አንድም አርእስት አላገኘንም። «የለም፣ እማማ» ማለት ከፈተና ሁሉ ከበደን።

በኋላ የታሪክ መምህራችንን ጠየቅን። መንግሥት ረሃቡን ደብቆት ነበር። የዩኒቨርስቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ አምጥተው አሳዩ፤ ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ አገር ታየ። ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በእኛው ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለዘውድ በዓል የተከፈተው ቴሌቪዥን አሥር ዓመት ሳይሞላው የዘውዱን መጨረሻ ዋዜማ አሳየ። እኛ ግድግዳው ሥር ተቀምጠን ያን ሁሉ መዘዝ ስንፈጥር ይህን የገመተ ከመካከላችን አልነበረም።

ስለዚህ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ አርእስትን ሁለት ጊዜ ማንበብ እንደሚገባ ተምረናል፤ አንድ ጊዜ ለተጻፈው፣ አንድ ጊዜ ላልተጻፈው። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱልን በክበባችን ሰሌዳ ላይ «ያልተጻፈው» የሚል አንድ ዓምድ ልንከፍት እንፈልጋለን። በሰፈራችን ተፈጽሞ ማንም ያልጻፈው ይጻፍበታል።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። እማማ የነገሩንን ጽፈን፣ ቤቱ ከታደሰ በኋላ አንዱን ቅጂ በአዲሱ ግድግዳ ላይ ለጠፍንላቸው። ጠጋ ብለው «የኔ ስም የቱ ጋ ነው?» አሉን። በጣታችን አሳየናቸው። እጃቸውን ጫኑበትና ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ።