የምናውቀውን ለምን እንጠይቃለን? (አንድን ሕፃን በትምህርት ቤትና በቤት ስለ መመልከት)

በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የምናገርበት ጉዳይ ከፍ ያለ ፍልስፍና ወይም የመንግሥታት ታሪክ አይደለም፤ ስለ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ መምህራን፣ የቀሩትም አባቶችና እናቶች ስለሚሆኑ ነገሩ ሁላችንንም የሚመለከት ይመስለኛል።

በሥነ ልቡና ትምህርታችን እያንዳንዳችን አንድ ሕፃን መርጠን ለስምንት ሳምንት ጠባዩንና ዕድገቱን እየተመለከትን እንድንጽፍ ታዘን ነበር። ለእኔ የደረሰኝ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት በአንደኛ ክፍል የሚማር ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱንም የልጁንም ስም ልሰውርና ልጁን «ማሙሽ» ብዬ ልጥራው። እናቱ እንጀራ እየጋገረች ለሠፈሩ ሰው ትሸጣለች፤ አያቱም ከእነርሱ ጋር ይኖራሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የተመለከትሁት በክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። በክፍሉ 61 ልጆች አሉ። ማሙሽ የሚቀመጠው በአምስተኛው ረድፍ ከግድግዳው አጠገብ ነው። ሲጠየቅ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ድምፁ ከአፉ አይወጣም፤ ሒሳብ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። እኔም በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የመጀመሪያውን ሪፖርቴን ስጽፍ «ልጁ ፈሪ፣ አእምሮው ዘገምተኛ፣ በሒሳብም ደካማ ነው» ብዬ ፈርሜ አስረከብሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ሐኪም የታማሚውን በሽታ በአንድ ቃል የነገርሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ ቀለም አንድ ጥያቄ ጽፈውበት ነበር። «ከዚህ ውስጥ ያየኸው የቱ ነው? የፈረድኸውስ የቱ ነው?» የሚል ነው። ወረቀቱን ደግሜ ባነብበው ከሦስቱ ቃላት አንዱም በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ፍርሃትን አላየሁም፤ ያየሁት የተደፋ አንገት ነው። ዘገምተኛ አእምሮን አላየሁም፤ ያየሁት ዝምታ ነው። ዝምታ ግን ስንት ዓይነት እንደ ሆነ በአገራችን ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በታላቅ ፊት ዝም ማለት በቤታችን ጨዋነት ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን ድንቁርና ተብሎ ይመዘገባል።

ሕፃንን መመልከትና መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን በ1839 እ.ኤ.አ. የበኩር ልጁ ሲወለድ የሕፃኑን እንቅስቃሴ፣ ቁጣና ሣቅ እየተከታተለ በማስታወሻ ደብተር ይጽፍ ጀመር። ጽሑፉን ያሳተመው ግን በ1877 እ.ኤ.አ. ነው። ከ37 ዓመት በላይ የቆየውን ማስታወሻ ሊጠቀምበት የቻለው የጻፈው ያየውን ስለ ነበረ ነው። የዚያን ጊዜ ፍርዱን ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይጠቅመው ነበር?

እኔም ከዚያ በኋላ የደብተሬን ገጽ በመሥመር ለሁለት ከፈልሁት። በአንደኛው ወገን ያየሁትንና የሰማሁትን ከነሰዓቱ፣ በአጠገቡም ማን ማን እንደ ነበረ ጻፍሁ። በሁለተኛው ወገን የመሰለኝን ጻፍሁ። በአራተኛው ሳምንት ከጻፍሁት አንዱ ይህ ነው።

«ጥቁር ሰሌዳው ላይ 4 ሲደመር 3 ተጽፏል። መምህርቱ ማሙሽን አስነሡት። በቀስታ ‘ሰባት’ አለ። መምህርቱ አልሰሙትም። ‘ስንት አልህ?’ አሉት። ወደ መሬት አየና ‘ስምንት’ አለ። ልጆቹ ሣቁ። ተቀመጠ።»

በዚያው ሳምንት እንዲህ ያለው ነገር ሦስት ጊዜ ደረሰ። ሦስቱንም ጊዜ የመጀመሪያው መልሱ ትክክል ነበር። ሲደገምበት ግን ለወጠው። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ በክፍሉ ተቀምጬ የሰማሁት ሁለተኛውን መልስ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን በቀስታ ስለሚናገረውና እኔም የምጠብቀው ስሕተቱን ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ቤቱ ለመሄድ እናቱን አስፈቀድሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማሙሽ ከእናቱ ነጠላ ኋላ ተሸሽጎ ስላልወጣ ምንም አልጻፍሁም። እንግዳ ሰው ደብተር ይዞ ሲቀመጥ ልጅ ይቅርና ትልቅ ሰውም ይለወጣል። በሦስተኛው ቀን ግን ገበያው ደርቶ ስለ ነበረ ረሳኝ።

አንዲት ሴት አራት እንጀራ ፈልገው መጡ። የአንዱ ዋጋ 20 ብር ነው። ማሙሽ እንጀራውን ከመሶቡ አንድ ባንድ እያነሣ «ሃያ፤ አርባ፤ ስድሳ፤ ሰማንያ» እያለ ቆጠረ። ሴትዮዋ የመቶ ብር ኖት ሰጡት። እርሱም ሁለት አሥር ብር ከእናቱ ጣሳ አውጥቶ «ዘጠና፤ መቶ» እያለ በእጃቸው ላይ አስቀመጠ። እናቱ ከምጣዱ ዘወር ሳትል «ስንት ቀረ?» ብላ ጮኸች። «አሥራ አንድ!» አላት፤ ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማል። ጢሱ ስላፈናት አልሰማችውምና «ስንት?» ብላ ደገመች። እርሱም ከፊቱ ይልቅ ጮክ ብሎ «አሥራ አንድ አልሁሽ እኮ!» አላት። መልሱን አልለወጠም።

ያን ቀን እናቱ እስከ በር ስትሸኘኝ እንዲህ አለችኝ፤ «ወንድሜ፣ ልጄ ትምህርት አይገባውም፤ ክፍሉን ይደግማል አሉኝ። አንተ የተማርህ ነህና እውነቱን ንገረኝ። የማይገባው ከሆነ እዚሁ ቤት ቀርቶ ሽያጩን ቢያግዘኝ ይሻላል።» ጓደኞቼ ሆይ፣ በቦርሳዬ ውስጥ በፊርማዬ «ዘገምተኛ» የተባለበት ወረቀት እንዳለ ሳስብ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ለእኔ የትምህርት ማርክ የነበረው ወረቀት ለዚህች ሴት ልጇን ከትምህርት ቤት የምታስቀርበት ምክንያት ሊሆን ይችል ነበር። «ገና እየተመለከትሁ ነው፤ ሳልጨርስ አትወስኚ» ብያት ሄድሁ።

ምክንያቱን የገለጹልኝ አያቱ ናቸው። በሌላ ቀን ቡና ተፈልቶ ሳለ ልጁን ልፈትነው ብዬ ወደ ረከቦቱ እያመለከትሁ «ማሙሽ፣ ስንት ስኒ አለ?» አልሁት። ልጁ ስኒዎቹን አየ፤ እኔን አየ፤ አንገቱን ደፋ። በክፍል ያየሁት ማሙሽ በቤቱ ውስጥ ተመልሶ መጣ ማለት ነው! አያቱ ግን እኔኑ ተቆጡኝ። «ልጄ፣ ስኒው እፊትህ ተደርድሮ የለምን? ዓይን አለህ፤ ቁጥር ታውቃለህ። የምታውቀውን እየጠየቅህ ልጁን ለምን ታስጨንቀዋለህ?»

ነገሩ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። እናቱ «ስንት ቀረ?» ስትለው የምትጠይቀው ስለማታውቅ ነው፤ መልሱ ያስፈልጋታል። ብትደግምበትም አልሰማችም ማለት ነው። በትምህርት ቤት ግን የሚጠይቀው ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቃል። በቤቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከታላቅ ሰው የሚመጣው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ነው፤ «ስኳሩን ማን ነካው?» እንደሚባለው ነው። ስለዚህ የሚያውቀውን የሚጠይቅ ታላቅ ሰው ሲያጋጥመው ልጁ አንገቱን ይደፋል፤ ጥያቄው ሲደገምበትም «ተሳስቻለሁ ማለት ነው» ብሎ መልሱን ይለውጣል። ይህ የአእምሮ ድክመት ሳይሆን፣ በቤቱ በተማረው መሠረት ሲታይ፣ አስተዋይነት ነው።

ይህን ሐሳብ ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ብገባ ሊቃውንቱም ከእማማ እምብዛም እንዳልራቁ ተረዳሁ። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ዣን ፒያዤ በሁለት ረድፍ እኩል የተደረደሩ ነገሮችን ለሕፃናት እያሳየ «እኩል ናቸውን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቀጥሎ አንዱን ረድፍ ያራርቀውና ጥያቄውን ይደግመዋል። ሕፃናቱም የረዘመው ረድፍ ይበልጣል ይሉታል። ከዚህም በመነሣት ልጅ ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ የቁጥርን አለመለወጥ አይረዳም ብሎ አስተማረ። ነገር ግን በ1974 እ.ኤ.አ. ሱዛን ሮዝና ማሪዮን ብላንክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የስድስት ዓመት ልጆችን ሁለት ጊዜ መጠየቃቸውን ትተው ረድፉ ከተራራቀ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቋቸው። ስሕተቱም ቀነሰ። ከስሕተቱ አንዱ ክፍል የመጣው ከልጆቹ አእምሮ ሳይሆን ከጥያቄው መደጋገም ነበር ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በብራዚል አገር በረሲፊ ከተማ ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን አምስት ነጋዴ ልጆች እንደ ገዢ ሆነው በገበያ ላይ ሒሳብ ጠየቋቸው። ልጆቹ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ የመሰለ ሒሳብ በታሪክ መልክ በፈተና ሲቀርብላቸው ከመቶ 74፣ ባዶ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሲሰጣቸው ደግሞ ከመቶ 37 ያህሉን ብቻ መለሱ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የተጠየቁበት መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳላዘነብል እፈራለሁ። ትምህርት ቤት መልሱን እያወቀ መጠየቁን ሊተው አይችልም፤ ይህ ባይኖር ፈተናም አይኖርም፤ እኛም ሁላችን እዚህ የደረስነው ይህን ዓይነት ጥያቄ ለምደን ነው። ማሙሽም በሁሉ ነገር ብርቱ ነው አልልም። 6 ቁጥርን ገልብጦ ይጽፋል፤ ፊደል በመለየትም ገና ነው። ደግሞም 61 ልጅ የያዙ መምህርት የእያንዳንዱን ልጅ ቤት ዞረው ሊያዩ አይችሉም። እኔ በአንድ ልጅ ላይ ስምንት ሳምንት ስፈጅ እርሳቸው ለአንዱ ልጅ በቀን አንድ ደቂቃ እንኳ አይተርፋቸውም። ስለዚህ ወቀሳ ማቅረቤ አይደለም። የምለው ልጅ የትምህርት ቤትን ጥያቄ ጠባይ ፊደልን እንደሚማር ሁሉ ሊማረው የሚገባ ነገር ነው፤ ገና ያልተማረውንም ልጅ «አይችልም» ብለን ስም አንስጠው ነው።

ሪፖርቴን ስጨርስ ደብተሩን ለመምህርቱ አነበብሁላቸው። ብዙ አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን ማሙሽን ወደ መጀመሪያው ረድፍ አመጡት። ሲጠይቁትም «ስንት አልህ?» ማለቱን ትተው «አልሰማሁህምና ጮክ በልልኝ» ይሉት ጀመር። ለእኛ ትንሽ ነገር ይመስላል። ልጁ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት ጊዜ ሦስቱን መልሱን ሳይለውጥ ደገመው። ድምፁ አሁንም ዝቅተኛ ነው። ክፍሉን ይለፍ ወይም ይድገም ገና አልተወሰነም። እናቱም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲማር ፈቅዳለች፤ ከዚያ በኋላ ግን የምታየውን አይታ ትወስናለች።

ውድ ጓደኞቼ፤

በዚህ ንግግሬ መጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቀርብ እወዳለሁ። ብዙዎቻችን ለመምህርነት ልምምድ በየትምህርት ቤቱ እንላካለን። ያን ጊዜ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ዝምተኛ ልጅ መርጠን ገጹን ለሁለት በከፈልነው ደብተር እንመልከተው። ያየነውን ከመሰለን እንለይ። በአንድ ቦታ ብቻ አይተን አንፍረድ፤ በቤተ ሰቡ ፈቃድ በቤቱም፣ በጨዋታውም፣ በሥራውም ላይ እንየው። የቤተ ሰቡንም ምሥጢር አናውጣ። ስለ ልጁ ስም የሚሰጥ ቃል ከመጻፋችን በፊት ያ ቃል በእናቱ ፊት ሲነበብ ምን እንደሚያደርግ እናስብ።

ያን የመጀመሪያ ወረቀቴን አልቀደድሁትም። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አጣብቄዋለሁ፤ መምህር በሆንሁ ጊዜ ልጅን ለመሰየም ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር እንዳየው ነው።