ሕፃን ልጅ ተንጋሎ ይተኛ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ጥሩምባ ሲነፋ በአንድነት የምንወጣ ሰዎች ነን። ድንኳን መትከል፣ ቀብር ማስፈጸም፣ ሐዘንተኛ ማጽናናት የሁላችንም ግዴታ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ቀብር ሳይሆን፣ ቀብሩን ሊያስቀር ስለሚችል አንድ ቀላል ነገር ነው። ይኸውም የሕፃን ልጅ አስተኛኘት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ጡት ጠብቶ ደኅና ሆኖ የተኛ ሕፃን ጧት ሞቶ ይገኛል። ትኩሳት አልነበረው፣ ሳል አልነበረው፣ ሲያለቅስም የሰማ የለ። ሐኪሞች ይህን «ድንገተኛ የሕፃናት ሞት» ይሉታል። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ነው። ይህ ስም የሚሰጠው አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲሞት፣ አስከሬኑ ተመርምሮ፣ የተኛበት ስፍራ ታይቶ፣ የጤናው ታሪክ ተጠይቆ ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ምርመራ የሚደረግለት ሕፃን ጥቂት ስለ ሆነ ነገሩ በወሬ ይታለፋል። አንዱ «ዓይን ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ይባስ ብሎ «እናቲቱ ተጫነችው» ይላል።

ታዲያ ምን ይታወቃል? ይህ ሞት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የሚደርሰው ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ነው፤ በተለይም ከአንድ ወር እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይበዛል። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ሲወለድ ክብደቱ ያነሰ፣ ወይም በማሕፀን ሳለ እናቱ ሲጃራ ታጨስ የነበረች ሕፃን አደጋው ይበረታበታል። እኛ አዋቂዎች ተኝተን አየር ቢያጥረን እንባንናለን፣ እንገላበጣለን። አንዳንድ ጨቅላ ግን እንቅልፍንና መንቃትን የሚያዝዘው የአንጎሉ ክፍል ገና ስላልበረታ አይባንንም። እንዲህ ያለው ልጅ በሆዱ ተደፍቶ ከተኛ ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ በዚያው ያሸልባል።

ይህን ለማወቅ ዓለም ብዙ ልጅ ከፍሏል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ያህል ሐኪሞችና የታወቁ መጻሕፍት ሳይቀሩ «ልጁ ሲያስመልሰው ትን እንዳይለው በሆዱ አስተኙት» እያሉ ያስተምሩ ነበር። በኋላ መረጃው ተሰብስቦ ሲታይ፣ በሆድ ማስተኛት ጎጂ መሆኑ ገና በ1970 ሊታወቅ ይችል እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ገልጿል። ምክሩ ያኔውኑ ተለውጦ ቢሆን በእንግሊዝ ከ10,000 በላይ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አካባቢ ደግሞ ቢያንስ 50,000 ሕፃናት በተረፉ ነበር ይላል። የተማረ ሰው የተናገረው ሁሉ ካልተመረመረ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ ማየት ይቻላል።

በእንግሊዝ አገር አን ዳይመንድ የምትባል የታወቀች የቴሌቪዥን አቅራቢ ነበረች። በ1991 ሰባስቲያን የተባለው ልጇ በአራት ወሩ በእንቅልፉ ሞተባት። ይህች እናት ሐዘኗን ይዛ ዝም አላለችም። በኒው ዚላንድ ሕፃናትን በጀርባ ማስተኛት ሞቱን እንደ ቀነሰ ሰምታ እዚያው ድረስ ሄዳ ጠየቀች፤ ተመልሳም መንግሥት ለሕዝብ እንዲያስታውቅ ተሟገተች። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዘመቻው ተጀመረ። አሜሪካም በ1994 ተከተለች። እዚያ በ1992 ከ100,000 ልጆች 120 ያህል በዚህ ሞት ያልቁ የነበረው በ2001 ወደ 56 ወረደ። ለዚህ አዲስ መድኃኒት አላስፈለገም፤ ልጅን መገልበጥ ብቻ!

«ተንጋሎ ከተኛ ትን ይለዋል» የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስጋታችሁም የእናት ስጋት ነው። ነገር ግን ልጁ ሲንጋለል የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ነው የሚሆነው፤ ያስመለሰው ነገር ወደ ላይ ወጥቶ አየር ቧንቧ ለመግባት ይቸግረዋል። በሆዱ ሲደፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ይሆናል» ለምትሉም መፍትሔ አለ፤ ልጁ ነቅቶ ሳለ ሰው እያየው በሆዱ አስተኝታችሁ አጫውቱት፤ አንገቱም ይጠነክራል። በጎን ማስተኛትም አይመከርም፤ ልጁ በቀላሉ ይደፋልና። አድጎ ወዲያና ወዲህ ራሱ መገላበጥ ከቻለ ግን በጀርባው አስተኝቶ መተው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ማቃናት አያስፈልግም።

እንግዲህ በየቤታችን ልናደርገው የምንችለውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ለቀንም ለሌሊትም እንቅልፍ ልጁ በጀርባው ይንጋለል። የሚተኛበት ፍራሽ ጠንከር ያለና የተስተካከለ ይሁን፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አጠገቡ አይኑር።

ሁለተኛ፣ «ብርድ እንዳይመታው፣ ሰው እንዳያየው» እየተባለ ፊቱን በጋቢ መሸፈን ይቅር። ብርድን የሚከላከል ልብስ ይልበስ እንጂ ፊቱና ራሱ ተሸፍኖ አይተኛ። ደረቱን ስትዳስሱት ካላበው፣ ልብሱ በዝቶበታል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ግን ለብቻው በተነጠፈ ስፍራ ቢተኛ ይመረጣል። ቤታችን ጠባብ፣ አልጋውም አንድ የሆነብን ብዙ ነን። እንዲህ ከሆነ ልጁ ከትራስና ከከባድ ልብስ ይራቅ፣ በሁለት ሰው መካከል አይግባ፣ ከአልጋው እንዳይወድቅም ይታሰብ። የጠጣ፣ የሚያጨስ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ ሰው ከሕፃን ጋር አይተኛ፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅም ለብቻው ይነጠፍለት። ሶፋ ላይ ልጅ አቅፎ ማንቀላፋት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

አራተኛ፣ ሕፃን ባለበት ቤት ሲጃራ አይጨስ። የእናት ጡት መጥባት አደጋውን ይቀንሳል፤ ክትባቱንም በጊዜው መከተብ እንዲሁ።

አምስተኛ፣ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ አደጋ ቢሆንም ሳልናገረው አላልፍም፤ የተቀጣጠለ ከሰል አስገብቶ ቤት ዘግቶ መተኛት ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን አዋቂውንም ይገድላል። ጋዙ ሽታ ስለሌለው አያስነቃም።

አባሎቻችን ሆይ፣ አሁን ወደ ራሳችን ሥራ ልመለስ። ይህ ምክር አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ሁሉን አሟልታ የጠበቀች እናት ልጅም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐዘን ከደረሰበት ቤት ስንገባ «ምን አድርገሽው ነው? እንዴትስ ተኛሽ?» የሚል ቃል ከአፋችን አይውጣ። እሷ ይህን ጥያቄ ሌትና ቀን ራሷን እየጠየቀች ነው፤ እኛ ልንጨምርባት አይገባም። ተጫነችው የሚለው ወሬ ትዳር ያፈርሳል፣ ሰው ያሳብዳል። ሕፃን ነውና ሐዘኑ ትንሽ ነው ብለንም ቶሎ አንበተን፤ አባትየውም ቢሆን ዝም ስላለ አላዘነም ማለት አይደለም።

ምክሩ መነገር ያለበት በለቅሶ ቤት ሳይሆን በአራስ ቤት ነው። እናቶች ገንፎ ልትበሉ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትሉ ስትሄዱ ልጁ እንዴት እንደ ተኛ ዓይናችሁን ጣል አድርጉ። ተደፍቶ ከሆነ በፍቅር ቃል «የኔ ልጅ፣ እስኪ በጀርባው እናንጋልለው» በሏት፤ ምክንያቱንም አስረዷት። አባቶችም ለወንድ ልጆቻችሁና ለአማቾቻችሁ ንገሩ። የሰፈራችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ጠይቁ።

እድራችን ገንዘብ የሚያዋጣው ለቀብር ነው፤ ይህ ግን አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ልጁን መገልበጥና ለጎረቤት መንገር ነው።  ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥልን።