የጨረቃ ቤት ልጅም የኢትዮጵያ ልጅ ነው
(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለመራጮች ያደረጉት ንግግር)



በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይቀጥላል ተባለ። በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ከነቤተሰቡ የሚኖር፣ መብራት ከጎረቤት የሚስብ ልጅ በምን ይከታተል? በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ።

ችግሩ ከኮሮና ጋር አልመጣም፤ አብሮትም አልሄደም። ካርታ ለሌለው ቤት ቆጣሪ ማስገባት ዳገት ነው። እኛ ግን እንላለን፦ ካርታ የሚጠየቀው ይዞታ እንጂ ልጅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3፣ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት የሰጠው ለዜጋ ሁሉ ነው።

ስለዚህ ብንመረጥ፦

አንደኛ፣ ከስብሰባ ቀን በቀር ተዘግተው የሚውሉ የወረዳ አዳራሾችን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የንባብና የኮምፒዩተር ክፍል እናደርጋለን። በቂ መብራት፣ ጠረጴዛና ለሴቶች ልጆች የተለየ መጸዳጃ ይኖራቸዋል።

ሁለተኛ፣ የኢንተርኔቱን ሒሳብ የከተማው በጀት ይሸፍናል። ኔትወርክ ሲጠፋም ትምህርት እንዳይቆም የመማሪያ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ይጫናሉ።

ሦስተኛ፣ በትምህርት ዘመን መካከል የተማሪ ቤት አይፈርስም። ቤተሰቡ የሚነሳ ከሆነ ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤት አስቀድሞ በጽሑፍ ይገለጽለታል።

ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የአዳራሹ ቁልፍ፣ ደመወዝ የሚከፈለው አስተባባሪና የመብራት ሒሳብ ነው።

ድምፃችሁን ስጡን፤ ቃላችንን ብናጥፍ ይህንኑ ወረቀት ይዛችሁ ጠይቁን!