የድመት ልጆችን ከመጣል እናቲቱን ማምከን

(ባለፈው ዓርብ ሱራ ውስጥ በተደረገው የእህቶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ባለፈው የተነጋገርነው ስለ ደሞዝና ስለ ሐዋላ ነበር። ዛሬ ስለ ድመት ላወራ ነው ስል አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። አልፈርድባችሁም። «የኛ ችግር አልቆ ነው ወይ ለድመት የምንጨነቀው?» ያለችኝም አለች። እስቲ እጃችሁን አውጡ፤ በምትሠሩበት ቤት ድመት ያለባችሁ ስንት ናችሁ? ይኸው፣ ከግማሽ በላይ ነን። አሁን ደግሞ የድመት ልጆች በካርቶን ተሰጥተዋችሁ «ሺሊ በራ» የተባላችሁ? አያችሁ፣ እጅ ያወጣችው አንድ ሁለት አይደለችም። ስለዚህ ነገሩ የድመት ብቻ አይደለም፤ የኛም ሥራ ነው። የምታበላው እኛ፣ አሸዋዋን የምንቀይረው እኛ፣ ስትወልድ የምንጠርገው እኛ፣ መጨረሻ ላይ ካርቶኑ የሚሰጠንም እኛው።

እኔ ሱራ ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። የቤቱ ትንሿ ልጅ ራይ ካለው ከሱቅ አልጁምዓ አንዲት ሺራዚ ድመት ገዝታ አመጣች። ነጭ፣ ጸጉሯ ረጅም፣ የምታምር ነበረች። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወለደች። የመጀመሪያው ጊዜ ደስታ ነበር፤ ፎቶ ተነሡ፣ አክስቶችና ያክስት ልጆች ተካፈሏቸው። በሁለተኛው ሁለቱ ብቻ ወሳጅ አገኙ። በሦስተኛው ማንም አልፈለገም። አራቱንም ሾፌሩ በካርቶን አድርጎ መንገዱ ጫፍ ካለው ትልቁ የዝባላ ሣጥን አጠገብ አስቀመጣቸው። ወሩ ሐምሌ ነበር። የኩዌትን ሐምሌ ለናንተ አልነግርም፤ ሙትሪባ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 የተመዘገበው ሙቀት 53.9 ዲግሪ ነው። በነጋታው ዝባላ ላወጣ ስሄድ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን አይሰማም።

ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም። ሌላ መንገድ እንዳለ የነገራት ስላልነበረ ነው። ያንን መንገድ ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

በመጀመሪያ ድመት እንዴት እንደምትበዛ እንወቅ። ሴቷ ድመት ከ4 ወይም ከ5 ወር ዕድሜዋ ጀምራ ልታረግዝ ትችላለች። ገና ልጅ ናት ስንል እናት ትሆናለች ማለት ነው። እርግዝናዋ 9 ሳምንት ገደማ ነው። ልጆቿን ጡት ሳታስጥል እንደገና ልታረግዝም ትችላለች። ድመት ወንድ የምትፈልገው ቀኑ ሲረዝም ነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ግን መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚበራ ገላዋ ክረምት ከበጋ አይለይም። በአንዴ 4 ብትወልድ፣ በዓመት 3 ጊዜ ብትወልድ፣ 12 ነው። ከ12ቱ ሴቶቹ ደግሞ ዓመት ሳይሞላቸው ይወልዳሉ። ይህን ሁሉ የሚወስድ አክስት የት ይገኛል?

መፍትሔው አንድ ኦፕራሲዮን ነው። ሴቷን ማምከን፣ ወንዱን ማኮላሸት ይባላል። አረቦቹ «ተዕቂም» ይሉታል። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ዕቃ በመድኃኒት ማጽዳትንም ተዕቂም ስለሚሉት «ተዕቂም ለልቀጥዋ» ብላችሁ አስረዱ፤ ለድመቷ ማለት ነው። የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ነው። ድመቷ ተደንዝዛ ትተኛለች፣ የእንቁላል ዕጢዋ ብቻውን ወይም ከማህፀኗ ጋር ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ትመለሳለች።

«ተፈጥሮዋን ማበላሸት ኃጢአት አይሆንም ወይ?» ያላችሁኝ አላችሁ። እህቶቼ፣ ለፋሲካ የምንፈልገው ሙክት ምንድን ነው? የተኮላሸ በግ ወይም ፍየል አይደለም እንዴ? አባቶቻችን የሚያርሱበትስ በሬ? ያውም የኛ አገር በሬ ያለ ማደንዘዣ ነው የሚቀጠቀጠው። ስለዚህ ነገሩ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ለድመቷም ጤና ይጠቅማታል። ያልመከነች ድመት ማህፀኗ መግል ሊይዝ ይችላል፣ እሱም ይገድላል። ገና በልጅነቷ የመከነች ድመት የጡት ካንሰር የሚይዛት ዕድል በጣም ይቀንሳል። ወንዱም ሌሊት መጮኹን፣ ግድግዳ ላይ መሽናቱንና ለመደባደብ መውጣቱን ያበርዳል። ያንን የሽንት ሽታ በክሎሮክስ ስንፈትግ የምንውል እኛ ነን፤ ጥቅሙ ለኛም ነው።

«የጎዳናዎቹን ሰብስቦ ሩቅ መጣል አይሻልም ወይ?» የሚልም አለ። አይሠራም። ድመት የሚኖረው ምግብና ጥላ ባለበት ነው። የዝባላው ሣጥን እዚያው እስካለ ድረስ የወሰዳችኋቸውን ቦታ ሌሎች መጥተው ይይዙታል፣ እነሱም ይወልዳሉ። የሚሻለው ይዞ፣ አምክኖ፣ ወደነበሩበት መመለስ ነው። ቦታቸውን ይጠብቃሉ፣ ግን አይወልዱም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ የጎዳና ድመቶች መክነው ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ አድርጋለች። በብዙ አገር እንዲህ የታከመ ድመት የአንድ ጆሮው ጫፍ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ድመት ካያችሁ «ማን ጎዳው?» አትበሉ፤ ምልክት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንዴት ነው ለማዳም የምንነግረው? እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከማዳም ጋር አልጀመርኩም፤ ድመቷን ከምትወዳት ከልጅቷ ጋር ጀመርኩ። «ሐቢብቲ፣ ድመትሽ በየሦስት አራት ወሩ እየወለደች ከሳች፣ ጸጉሯም እየረገፈ ነው፣ ዶክተር ተዕቂም ቢያደርግላት ትድናለች» አልኳት። እውነቴንም ነበር። ልጅቷ ለእናቷ ነገረች። ማዳም መጀመሪያ «ሐራም አይደለም ወይ?» አለች። እኔ በሃይማኖታቸው አልገባሁም፤ «ማማ፣ አንቺ የምታውቂውን ሼኽ ጠይቂ» ብዬ ዝም አልኩ። ጠየቀች፤ በሁለተኛው ሳምንት ጀብርያ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዷት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ካርቶን አላየሁም።

ስትነግሩ ጊዜ ምረጡ። እንግዳ ባለበት፣ በጾም ቀን ማለቂያ ላይ፣ ድመቷ ሶፋ ባበላሸችበት ሰዓት አይሆንም። «ጥፋቱ የናንተ ነው» በሚል ድምፅም አይሆንም። ወጪው የባለቤቶቹ ነው፤ ከኪሳችሁ አንድ ፊልስ እንዳታወጡ። እምቢ ካሉም ተናግራችኋልና በቃ። ለድመት ብላችሁ ሥራችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ፣ ደብቃችሁም አታውጧት። የተወለዱ ካሉ ሳይጣሉ በፊት ለቤተሰቡ ንገሩ፤ ኩዌት ውስጥ የእንስሳት ማኅበራት አሉ፣ ደውለው ምክር መጠየቅ ይችላሉ። መጠለያ ግን ሁሉን ሊይዝ አይችልም። ለዚህ ነው ከመወለዳቸው በፊት የምለው።

ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚንከባከባት ያው እኛ ስለሆንን እነዚህን ልብ በሉ። ቁስሉን እንዳትልስ ሐኪሙ አንገቷ ላይ ያጠለቀላትን አታውልቁ። ከ10 እስከ 14 ቀን አትታጠብ፣ ከፍ ካለ ቦታ አትዝለል። ቁስሉ ካበጠ፣ መግል ካወጣ ወይም ምግብ እምቢ ካለች ያኑኑ ንገሩ። አዘንን ብላችሁ ፓናዶል እንዳትሰጧት፤ ለድመት መርዝ ነው። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም ለጥቂት ሳምንት ማስረገዝ ይችላል፤ ከሴቷ ለዩት።

የራሳችንን ጤናም አንርሳ። ድመት ከነከሰች ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጥርሷ ጥልቅ ይገባል፣ በቶሎ ያመረቅዛል። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ሙስተውሰፍ ውሰዱኝ በሉ። አሸዋዋን በየቀኑ በጓንት ቀይሩ፤ ከሰገራዋ የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ ነው ለመያዝ የሚደርሰው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን፣ እኛም እንሁን ማዳም፣ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው። ድመት መጠበቅ ሥራ መሆኑንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ይላል። ሌሊት ድመት ማብላት ከሰዓቱ ውጪ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ አገር ቤት አንድ ነገር። እኛ ጋ ነገሩ የድመት ሳይሆን የውሻ ነው። ወንዱን ቡችላ ለጥበቃ እናስቀራለን፣ ሴቷን መንገድ ላይ እንጥላለን። ያቺ የተጣለችው ጎዳና ላይ ትወልዳለች። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚመጣው ከመቶ 99 እጁ በውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ባሌ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 ከለማዳ ውሾች የተነሣው ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ በዓለም የቀሩት ከ500 በታች ናቸው። ስለዚህ ለእናታችሁ ስትደውሉ የግቢው ውሻ ተከትቦ እንደሆነ ጠይቁ። ልጅ ከተነከሰ ጠበል ወይም የባህል መድኃኒት ሳይባል በፊት ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ወዲያው ጤና ጣቢያ ለክትባት። የምንልከው ብር የወንድሞቻችን ልጆች እንዲያድጉ ነው፤ ይህም ምክር አብሮ ይላክ።

በሚቀጥለው ዓርብ ማን ለማዳሟ እንደነገረች፣ ምን እንደተመለሰላት እንጠያየቃለን። አረብኛው የቸገራት ካለች ከስብሰባው በኋላ ትጠብቀኝ፣ አብረን እንለማመዳለን።