ብረትም ይደክማል



ሐኪም ሆኜ ስለ ብረት መናገሬ ሳይገርማችሁ አይቀርም። የአጥንት ቀዶ ሐኪም ግን ብረት ከእጁ አይለይም። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጭን አጥንታቸው ብትንትን ብሎ የተሰበረ አንድ አባት መጡ። በስቴንለስ ስቲል ፕሌትና በብሎኖች አሰርኩላቸው። በአራተኛው ወር ሲመለሱ ራጁ ላይ ፕሌቱ ለሁለት ተከፍሏል። "ሳልፈቅድልዎ ረግጠውበታል" አልኳቸው። "ኧረ ልጄ፣ ክራንቹን አንድ ቀን አልጣልኩም" አሉ። አላመንኳቸውም። ካርዳቸው ላይ "ያለፈቃድ ረግጠዋል" ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ኦፕራሲዮን ያወጣሁትን ስባሪም መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ባለፈው ስብሰባችን ምሳ ላይ ከአንድ መሐንዲስ ጓደኛችን ጎን ተቀመጥኩ። ሥራው የድልድይ ብረት መቼ እንደሚጎብጥ፣ መቼ እንደሚሰበር በኮምፒውተር ማስላት ነው። የፕሌቱን ነገር ሳነሳበት "እስቲ አምጪው" አለኝ።

የተሰበረውን ገጽ በአጉሊ መነጽር አየው። ኩሬ ሲጎድል ዳር ላይ እንደሚተወው ምልክት፣ ተደራራቢ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩበት። "ይሄ በአንድ ቀን አልተሰበረም" አለ። ሽቦ ደጋግመን ስናጥፈው እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ብረትም አንዴ በቀላሉ የሚችለው ጫና እልፍ ጊዜ ሲመላለስበት ይሰነጠቃል፤ የብረት ድካም ይሉታል። ትንሽ ስንጥቅ አትናቂ ብሎም የሲልቨር ድልድይን ነገረኝ። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ ወንዝ ላይ ወድቆ 46 ሰው ሞተ፤ መነሻው በአንድ ማያያዣ ብረት ላይ የነበረ ጥቂት ሚሊሜትር ስንጥቅ ነው።

ከዚያ ፕሌቱን፣ ብሎኖቹንና አጥንቱን ኮምፒውተር ላይ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፈላቸው። ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ስሌት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንደሚለጠጥ፣ ለጎረቤቱም ምን ያህል ጫና እንደሚያስተላልፍ ያሰላል። ጫናውን ያስገባው በክራንች ለሚሄድ ሰው ነው። ቀዩ ቀለም የተከማቸው ስብራቱ ላይ በነበረው ባዶ ቀዳዳ ዳር ሆነ። ፕሌቱም የተሰበረው እዚያው ነው! ብሎኖቹን ለስብራቱ በጣም አቅርቤያቸው ስለነበር መጉበጡ ሁሉ አጭር ቦታ ላይ ወደቀ። እሱ አንድ አንድ ቀዳዳ ሲያርቃቸው ቀዩ ደበዘዘ።

"ሞዴሉ የሚያውቀው አንቺ የነገርሽውን ብቻ ነው" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ልክ ነው፤ አጥንቱ ቶሎ አለመግጠሙም ድርሻ አለው። ያም ሆኖ ሽማግሌውን ለመወንጀል ማስረጃ አልነበረኝም።

ደወልኩላቸው። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "እኔስ መች ዋሸሁሽ፣ ልጄ" አሉኝ። ካርዱን አስተካክያለሁ።

ዛሬ ብሎን ከማሰሬ በፊት የቱን ቀዳዳ ባዶ እንደምተው አስባለሁ። እናንተ መሐንዲሶች ሆይ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ገና ሦስት ስባሪዎች አሉ። ምሳ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።